«ተሸንፈሃል» ልለው ሰርቦ ድረስ

ረቡዕ፣ ንጋት ላይ፣ አዲስ አበባ

ሰው ወደ ጅማ የሚሄደው ለንግድ ነው፣ ለሠርግ ነው፣ አለዚያም ለለቅሶ ነው። እኔ የሄድኩት አንድ ልጅ ፊት ቆሜ «ተሸንፈሃል» ለማለት ነው።

ልጁ ነዚፍ ይባላል፤ ጅማ አጠገብ ያለችው የሰርቦ ልጅ ነው። ጅማ የስፖርት አስተማሪ በነበርኩበት ዘመን ቡጢ ያስጀመርኩት እኔ ነኝ። አሁን አድጎ፣ ደቡብ አፍሪካ ደርባን ድረስ ሄዶ የአህጉሩን ቀበቶ ይዞ ተመልሷል። ያሸነፈው ግን ለጥቂት ነው፤ ከሦስቱ ዳኞች ሁለቱ ለእሱ፣ አንዱ ለደርባኑ ልጅ ሰጡ። የቡጢ ወዳጅ ሁሉ ለሁለት ተከፈለ። እኔም አርፌ መቀመጥ ሲገባኝ፣ ለዓመታት የቡጢ ዳኛ ነበርኩ ብዬ ለአንድ የሬዲዮ የስፖርት ዝግጅት ደወልኩ። «በእኔ ነጥብ 115 ለ113 ተሸንፏል፤ የመጨረሻዎቹን አራት ዙሮች ሰነፈ» አልኩ። በማግሥቱ ስልኬ ጮኸ።

«ቲቸር፣ ሰማሁዎት» አለ ነዚፍ። «ሰርቦ እናቴ ቤት ነኝ። ይምጡና ፊት ለፊት ይንገሩኝ።»

ድምፁ ውስጥ ቁጣ ብሰማ ይሻለኝ ነበር። ባለቤቴ አስካለ ቦርሳዬን እያዘጋጀች፣ «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» አለችና ራሴን አየችው። ራሴ ከተመለጠ ቆይቷል።

በመንገድ ላይ

ከመርካቶ አውቶቡስ ተራ የተነሳነው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ጎኔ የተቀመጡት ወደ አሰንዳቦ የሚሄዱ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። ወሊሶን ሳናልፍ ከኋላችን ያሉ ሁለት ወጣቶች የነዚፍን ግጥሚያ አነሱ። አንዱ «ተሰጠው እንጂ አላሸነፈም» ይላል፤ ሌላው «አንተ ዳኛ ነህ?» ይላል። እኔ በመስኮት የጤፍ ማሳ አያለሁ።

ወልቂጤ ቁርስ በላን። ጥብሱ ጠንካራ፣ ሻዩ ጥሩ ነበር። ከዚያ ጊቤ ሸለቆ ስንወርድ ሙቀቱ እየበረታ ሄደና ሹራቤን አወለቅሁ። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንያያዘው ወጣቶቹ አሁንም ስምንተኛው ዙር ላይ ናቸው። ሽማግሌው በመጨረሻ ዞሩባቸው።

«ልጆቼ፣ ቀበቶው አሁን የት ነው ያለው?»

«ሰርቦ ነዋ፣ አባባ።»

«ከብት ጠፍቶ እንኳ ማን በረት እንዳለ ከታወቀ ክርክር ያበቃል። እንተኛበት ማሎ፣ እባካችሁ!»

አውቶቡሱ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ከብቱ በትክክል የማን ነው የሚለው ነገር አላስተኛኝም። እንዲህ ነው የተፈጠርኩት። ሚስቴ ግትር ትለኛለች፤ እኔ ዳኛ እላለሁ።

ሽማግሌው አሰንዳቦ ወረዱ። ሰርቦ ስንደርስ በየደጁ ቡና ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፤ መንገዱ ዳር እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ቀልቷል። መውረድ ነበረብኝ። አልወረድኩም። የቆረጥኩት ትኬት እስከ ጅማ ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩት። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ጅማ

በባጃጅ መንደራ ቆጪ የሚባለው ሰፈር ሄጄ አልጋ ያዝኩ። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ ውሃ ግን ጠዋት ብቻ ነው የሚመጣው። ጎኑ ያለው ጁስ ቤት በሰው ተሞልቷል። አቮካዶና ማንጎ የተደራረበበት ስፕሪስ አዝዤ ጥግ ላይ ስቀመጥ፣ ቴሌቪዥኑ የደርባኑን ግጥሚያ በሲዲ እያሳየ ነው። ባለቤቱ አብዱ በየዙሩ ማብቂያ ያቆመዋል፤ ደንበኞች እጅ ያወጣሉ፤ እሱ በካርቶን ላይ ይጽፋል። በጅማ ድምፅ ነዚፍ ዐሥራ ሁለቱንም ዙር ሊያሸንፍ ምንም አልቀረውም።

አንድ ቡና ቀማሽ ብቻ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። «እኛ ስንቀምስ የማን ቡና እንደሆነ አይነገረንም» አለ። «እናንተ ስሙን አይታችሁ ነው ነጥብ የምትሰጡት።»

ይህ ሰው ደስ አለኝ። «ልክ ነህ» አልኩት፣ «ዳኛ ስም ማየት የለበትም።»

አብዱ የያዘውን ካርቶን አስቀመጠ። «ቆይ ቆይ፣ ይሄ ድምፅ የሬዲዮው ድምፅ ነው! ዋላሂ እሱ ነው!»

ቤቱ በሙሉ ዞረብኝ። ይመቱኝ ይሆን ብዬ ነበር፤ ጅማ ግን እንግዳ አትመታም፣ ትቀልድበታለች እንጂ። አብዱ ሁለተኛ ስፕሪስ አምጥቶ፣ «ሰንፈው እንዳይተዉት ጋሼ፣ እስከ መጨረሻው ይጠጡት» አለኝ። ጠጣሁት። ሲዲው ሲቀጥል የመጨረሻዎቹን አራት ዙሮች እንደገና አየኋቸው። የደርባኑ ልጅ ቀኝ እጅ እየተመላለሰ የነዚፍን ግራ ጉንጭ ይመታል፤ ነዚፍ አንዱንም አይከላከልም። ነጥቤን አልቀየርኩም።

ሐሙስ፣ ሰርቦ

ጠዋት በሚኒባስ ወደ ሰርቦ ተመለስኩ። መንገዱ አጭር ነው፤ ረዳቱ ከመቀመጫው በላይ ሰው ጭኖ «ጠጋ ጠጋ» እያለ በግማሽ ሰዓት አደረሰን። የነዚፍን ቤት ለማግኘት መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ያዩኝ ሁሉ በጣታቸው አሳዩኝ።

በሩ ላይ የተቀበሉኝ እናቱ ናቸው። ሰፈሩ ሃዳ ነዚፍ ይላቸዋል፤ በኦሮምኛ የነዚፍ እናት ማለት ነው። «አልሃምዱሊላህ፣ መጡልን! ይግቡ ማሎ» ብለው ጨጨብሳ በማር አቀረቡ። ስለ ሬዲዮው አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ነዚፍ ከጓሮ መጣ። ፊቱ ድኗል፤ ግንባሩ ላይ ትንሽ ጠባሳ ቀርቷል። ጉልበቴን ሊስም ሲል አነሳሁትና ተቃቀፍን። እናቱ ወደ ሥራቸው ሲሄዱ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ይበሉ ቲቸር።»

«115 ለ113። ተሸንፈሃል።»

ራሱን ነቀነቀ። «ደርባኖቹ የመልስ ግጥሚያ እየጠየቁ ነው። እስከ ቅዳሜ መልስ እሰጣለሁ። እርስዎ አሸንፈሃል ቢሉኝ እምቢ ብዬ ልቀር ነበር። ሌላው ሰው ለአገሩ ልጅ ያዳላል፤ እርስዎ አያዳሉም። ተሸንፈሃል ካሉ ግን ቀበቶው የሰው ነው፤ ሄጄ ማስመስከር አለብኝ።»

«ለምን ልትቀር ፈለግህ?»

«ደክሞኛል» አለና ተነሳ። «ቡናው ይጠብቀኛል።»

ከኋላው ጓሮ ወጣሁ። ቀይ እሸት ቡና በሽቦ ወንፊት በተሠራ የማድረቂያ አልጋ ላይ ተዘርግቷል። ሥራው ያልበሰለውንና የጠቆረውን ፍሬ ከቀዩ መልቀም ነው። ነዚፍ መሐል ላይ ቆሞ ይለቅማል፤ እናቱ በግራው በኩል ቆመዋል።

«ይሄ ልጅ ከመጣ ወዲህ ሰነፈብኝ» አሉኝ ሃዳ ነዚፍ እየሳቁ። «ድሮ አንዲት አረንጓዴ አታመልጠውም ነበር። አሁን ይዩልኝ፣ በቀኙ ያለውን ይለቅማል፣ በግራው ያለውን ጥሎት ይሄዳል። ቀበቶ አገኘሁ ብሎ ኮራ መሰለኝ።»

አየሁት። በቀኙ ያለው ቡና ጥርት ብሎ ቀይ ነው፤ በግራው አረንጓዴው እንዳለ ተቀምጧል፤ እናቱ ከኋላው እየተከተሉ ያጸዱለታል። እናቱ ውሃ ሊያመጡ ሲገቡ በግራው በኩል ጥቂት ራቅ ብዬ ቆምኩና አንዲት ቀይ ፍሬ ወደ ፊቱ ወረወርኩ። ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ነበር የማሠለጥነው፤ ፍሬዋ ሳትደርስ ራሱን ያዞር ነበር። አሁን ግን ጉንጩን መታችው። የዞረው ከተመታ በኋላ ነው።

«ከስንተኛው ዙር ጀምሮ ነው?» አልኩት።

ፍሬዋን ከመሬት አነሳና፣ «ከዘጠነኛው» አለ። «በግራ በኩል መጋረጃ የተጋረደ ይመስለኛል። ሲመታኝ ነው የማውቀው።»

አራት ዙር ሙሉ ከማያየው እጅ ፊት ቆሟል። እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ፣ ሻይ እየጠጣሁ፣ ሰነፈ አልኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

«አሁኑኑ ሬዲዮው ጋ እደውላለሁ» አልኩት። «ተሳስቼ ነበር፣ አሸንፏል እላለሁ። አንተም ትቀራለህ።»

«አይሆንም ቲቸር። አሁንማ አዝነውልኝ ነው የሚሉት። እንደዚያ ከሆነ ባይሉኝ ይሻላል።»

እኔው ያስተማርኩት ግትርነት ነው፤ ምን እላለሁ? ትንሽ ካሰብኩ በኋላ፣ «እሺ፣ አልቀይረውም። ተሸንፈሃል» አልኩት። «ግን ማነው ለመቅረት ማሸነፍ ያስፈልጋል ያለህ? የተሸነፈም ሰው ይበቃኛል ብሎ ቤቱ ይገባል። ሪንግ ላይ ያስተማርኩህን ሁሉ እርሳውና ይህችን ያዝልኝ።»

እናቱ ውሃውን ይዘው ሲመጡ በሹክሹክታ፣ «ነገ ጅማ ሐኪም ጋ አብረውኝ ይሂዱ» አለኝ። «እማዬ እንዳትሰማ። ታክሜ እስክድን ለማንም እንዳይነግሩ።» ማልኩለት።

ዓርብ፣ ጅማ

የዐይን ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ስለ ቡጢ ምንም አታውቅም፤ ይህም በጀን። ለረጅም ጊዜ በመብራት አየችው። ከዐይኑ ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን ከጥጉ መላቀቁን ነገረችን። አዲስ አበባ ሄዶ ቶሎ ከታከመ ይድናል። «አንድ ቡጢ ካረፈበት ግን ስለዚህ ዐይን እኔን ባትጠይቁኝ ይሻላል» አለች።

ደጅ ስንወጣ ነዚፍ ስልኩን አወጣ። ግጥሚያ የሚያዘጋጁለት ሰዎች ጋ ደውሎ በእንግሊዝኛ ሁለት ዐረፍተ ነገር ተናገረ፤ አልገጥምም፣ ቀበቶውን ውሰዱ አለ። ከዚያ ወደ ቀኙ ዞረና አለቀሰ። በቀኙ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ ትከሻዬን ሰጠሁት።

ቅዳሜ፣ ወደ ቤት

ወሬው ከእኔ ቀድሞ አውቶቡስ ተራ ደርሷል። ገና ከጅማ ሳንወጣ አንዱ፣ «ሰማችሁ? ነዚፍ ቀበቶውን መለሰ። ፈራ!» አለ። ሌላው፣ «የሬዲዮው ሽማግሌ እውነቱን ነው፤ ሰነፍ ነው» አለ። የራሴን ቃል መልሶ አጎረሰኝ። ሰኮሩን አለፍን፣ ጊቤን ተሻገርን፣ ወልቂጤ ምሳ በላን፤ ስድቡ አላቆመም። ተነስቼ ጮክ ብዬ መናገር ፈለግሁ። መሐላ ግን አለብኝ። እስከ አዲስ አበባ ድረስ ከንፈሬን ነክሼ ተጓዝኩ።

አመሻሽ ላይ ቤት ስደርስ አስካለ፣ «ታዲያ ነገርከው?» አለችኝ። «ነገርኩት» አልኳትና ጫማዬን ሳላወልቅ ሬዲዮው ጋ ደወልኩ። «ያ ልጅ አልሰነፈም። እኔ ነኝ ያላየሁት» አልኩ። አዘጋጁ፣ «እንዴት? ነጥብዎን ቀየሩ?» ሲለኝ፣ «ነጥቤ ያው ነው» ብዬ ዘጋሁት። በሚቀጥለው ሳምንት አገር ሁሉ ጃጅቷል አለኝ። ይገባኛል።

ነዚፍ ታክሞ ዐይኑ ተርፎለታል። ይህን የምጽፈው ለእናቱ ራሱ ከነገራቸው በኋላ ስለፈቀደልኝ ነው። ከዚህ መንገድ የተማርኩት ይህን ነው፤ ዳኛ ያረፈውን ቡጢ ይቆጥራል እንጂ ሰውየው ምን ተሸክሞ እንደቆመ አያውቅም። ያንን ግጥሚያ ዛሬም ብጠየቅ ያው 115 ለ113 ነው የምሰጠው። «ሰነፈ» የሚለውን ቃል ግን ከዚያ ወዲህ ስለ ማንም ሰው ተናግሬው አላውቅም።