የጠባቂው ደግነት

ስብሰባ ላይ በተናገርሁት ነገር ተያዝሁና ጎንደር ከተማ ውስጥ ካለ አንድ የቆርቆሮ መጋዘን አስገቡኝ። ቤቱ የሻገተ እህል ይሸታል። ከበሩ ጎን ሽቦ የተመታባት መስኮት አለች፤ ቤተሰብ የሚጠይቀን በዚያች ነበር፤ ስንቁን ጠባቂዎቹ ፈትሸው በበሩ ያስገቡልናል።

መጀመሪያ ሰሞን ቤቱ ሸንጎ ነበር። ስለ አገር ስንከራከር ድምፃችን ግቢውን ያውካል። በተለይ አንድ የሕግ ምሩቅ ስለ ሰው ልጅ ክብር ሲናገር እንባችን ይመጣል። በዱላም በስድብም ዝም ያሰኘን አልነበረም። ዝም ያሰኘን ከጠባቂዎቹ ሁሉ ደጉ ነው። ስልኩን ያውሰን ጀመር።

«ጊዜ ይገፋላችኋል» አለን።

ስልኩ ውስጥ ያለው የራቁት ፊልም ነው። እስረኞቹ ጥግ ይዘው ተደፍተው ያያሉ። ክርክሩ ቀረ፤ ጸሎቱም ሳሳ። እኔን ያንገበገበኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በመስኮቷ የምትመጣውን ሴት ሁሉ፣ እናትም ትሁን እኅት፣ ከእግር እስከ ራሷ ይመዝኗት ጀመር።

አብረውን አንድ የአምባ ጊዮርጊስ ገበሬ ታስረዋል፤ ሁላችንም አያ እንላቸዋለን። ጠያቂያቸው አንዲት ሴት ልጃቸው ብቻ ናት። የመጣው ስንቅ ሁሉ አንድ ላይ ይቀርባል፤ የኔታ የምንላቸው እስረኛ ቄስ ስንቁን ያመጣችውን ሴት በክርስትና ስሟ ጠርተው ሳይባርኩ እጁን የሚሰድ የለም።

አንድ ቀን ልጅቱ በመስኮቷ ከአባቷ ጋር ስታወራ የሕግ ምሩቁ ከስልኩ የለመደውን ነውር በእሷ ላይ ተናገረ። ሌሎቹ ሳቁ። አያ ሰሙ። ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ግን ወደ እኛ አልዞሩም።

«በይ ልጄ፣ ከእንግዲህ አትምጭ» አሏት።

«ምነው አባየ? ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ሂጅ ብያለሁ።»

እያለቀሰች ሄደች። አገልግሉ ገብቶ ተከፈተ፤ የኔታ ግን እጃቸውን አላነሡም።

«ልጅቱን በዓይናችሁ አራቁታችሁ የእጇን እንጀራ ባርኩልን ትላላችሁ? አልባርክም!» አሉ።

 ያን ጊዜ አያ ተነሡ። እንጀራውን ቆርሰው በወጡ ጠቀለሉና ለሕግ ምሩቁ ዘረጉለት።

«ጉረስ። የሠራችው እኅትህ ናት።»

ጎረሰ። ማላመጡ ግን አቃተው፤ እንደ ጎረሰ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ጠባቂው ወደ ማታ ስልኩን ይዞ ሲመጣ የተቀበለው አልነበረም። እንዲህ ብዬ ብጨርሰው ደስ ባለኝ። በማግሥቱ ግን ተቀበሉት። አያም ከጋራው ማዕድ ርቀው እስር ቤቱ የሚሰጠውን ደረቅ ዳቦ ሲበሉ ከረሙ።

ዛሬ ያ ፊልም በየሰዉ ኪስ ነው፤ የሚያውስ ጠባቂ አያስፈልገውም። ያሰሩኝን ሰዎች ይቅር ለማለት ብዙም አልተቸገርሁም፤ ያን ሳቅ ግን እስካሁን አልቻልሁም።

በቅርቡ ልጅቱን አውቶቡስ መናኸሪያ አገኘኋት። አያ ተፈትተዋል፤ ደኅና ናቸው። ለምን እንዳባረሯት ግን ዛሬም አይነግሯትም።

«አብራችሁ ነበራችሁ፤ ምን አጥፍቼ ነው?» አለችኝ።

«ከእኛ ሊሸሽጉሽ ነው» አልኋት።

 ነጠላዋን ወደ አንገቷ ሰበሰበችና ከእኔም ራቅ ብላ ቆመች።