ዳማ ከሴ የሚቀጠፈው በዝምታ ነው

ሽማግሌ ሊላክብኝ በነበረበት ቀን ጠዋት ከንፈሬን ምች መትቶኝ ተነሣሁ። ዋዜማውን በጥቅምት ፀሐይ አምቦን ስዞር ውዬ ነበር፤ አርፌ መቀመጥ ያቃተኝ ከደስታ ብዛት ነው። የታችኛው ከንፈሬ አብጦ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው።

አክስቴ ስታየኝ አማተበች። ከዚያ ሁሉቃ ወንዝ ዳር ወርጄ ዳማ ከሴ እንድቀጥፍ አዘዘችኝ፤ ቅጠሉ በመዳፍ ታሽቶ በአፍንጫ ሲሳብ ምችን ይነቅለዋል። ታዲያ ቀጥፌ ቤት እስክደርስ ለሰው አንድ ቃል ከተነፈስኩ መድኃኒቱ ይረክሳል አለችኝ። እኔን ዝም በዪ ማለት ዶሮን አትጫሪ እንደ ማለት ነው። ግን ለዚያ ቀን ሲባል ዓመት ሙሉ ድዳ መሆንም እችል ነበር።

ወንዙ ዳር ስደርስ ዳማ ከሴው አብቦ ንብ ወሮታል። ከቁጥቋጦው ማዶ አንድ አዛውንት ቀፏቸውን ያያሉ። የምወደው ልጅ አያት ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹን እየመሩ ቤታችን የሚመጡት እሳቸው ናቸው።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ?» አሉኝ።

ጎንበስ አልኩ። በአማርኛም እንዴት አደርሽ ልጄ አሉኝ። አሁንም ጎንበስ። ቤተሰቡን ጠየቁ፣ ከብቱን ጠየቁ፣ እኔ እንደ እንሽላሊት ራሴን እነቀንቃለሁ። ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ። የሽማግሌ ሰላምታ የማትመልስ ልጅ ማን ለልጁ ያጫል? ብመልስላቸው ደግሞ መድኃኒቱ ይረክስና በዚህ ከንፈር ልታይ ነው። ሳቄ መጣ፤ እሱንም ዋጥኩት።

ይኼኔ አንዲት ንብ ነጠላዬ ውስጥ ገባች።

መጀመሪያ ዘለልኩ። ከዚያ እንደ እንዝርት ሾርኩ። ከዚያ ያፈንኩት ሁሉ ገንፍሎ ወጣ። «አባባ፣ ባለጌ ሆኜ አይደለም፤ ምች መትቶኝ ነው። የልጅ ልጅዎን እወደዋለሁ፤ ዛሬ እንዳይቀሩብኝ» አልኳቸው፣ ባንድ ትንፋሽ።

ንቧ ሳትነድፈኝ በረረች። መድኃኒቱም ረከሰ፣ እኔም ጉድ ሆንኩ፤ ልቤ ግን እየጨፈረች ነበር።

አዛውንቱ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ወደ ቁጥቋጦው መጡና ራሳቸው ይቀጥፉልኝ ጀመር። አበባውን ለንቦቹ እየተዉ ከሥር ከሥሩ ቅጠሉን ብቻ ነው የሚያነሡት፤ ንብ ያረፈችበት ቅርንጫፍ ላይ ሲደርሱ እስክትነሣ ይጠብቃሉ። እጄን እስኪሞሉልኝ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከንፈሬ ጎደል ብሎልኝ ጓዳ ሆኜ አዳመጥኩ። ሽማግሌዎቹ ስለ ዘር፣ ስለ ጨዋነቴ ብዙ ተናገሩ። አባቴ እንደ ወጉ፣ ልጅቷን ጠይቄ መልስ እስክሰጥ ቀጠሮ ይያዝ አላቸው።

«ቀጠሮውን እንቀበላለን» አሉ አዛውንቱ። «ልጅቷን መጠየቁ ግን ይቅር። ለእኔ ነግራኛለች።»

አባቴ ወደ ጓዳው ዞረ። ዝም የምልበት ምክንያት ስላልነበረኝ ሳቄን ለቀቅኩት።