ለየኔታ ስነሳ የተነቀለው ገመድ

ሰው ሁሉ የሚይዘውን መያዝ ስለማልወድ ኮምፒውተሬም ሰው የማይፈልገው ዓይነት ነበር። ፕሮግራም የሚጫነውም የሚታደሰውም በጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ እየተጻፈ ነው። ትጽፋለህ፤ የሚያመጣውንና የሚያጠፋውን ይዘረዝርና «ልቀጥል?» ይልሃል። ደብረ ታቦር ውስጥ ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ እኮራ ነበር። ቢበላሽ የሚጠግንልኝ እንደሌለ አላሰብኩም።

ኮምፒውተሩ ውስጥ የየኔታ ቅኔዎች ነበሩ። የኔታ የደብራችን የቅኔ መምህር ናቸው። ቅኔ ለዕለቱ ይባላል፣ አይደገምም፤ እሳቸውም የራሳቸውን ጽፈው አያውቁም። ድምፃቸውን እንድቀዳ እስኪፈቅዱልኝ ሁለት ክረምት ለምኛለሁ። ሌላ ቦታ ግን ቅጂ አላስቀመጥኩም፤ ስለ ጠፉ ብራናዎች ረጅም ጽሑፍ የጻፍኩት እኔው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሉ እድሳት አዘዝኩና ዝርዝሩን ሳላነብ «አዎ» አልኩ። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ገመዱ በጉልበቴ ላይ አልፎ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። መስመሮቹ እየወረዱ ሳለ የኔታ በሩ ላይ ደረሱ።

«ኖር!» ብዬ ብድግ አልኩ።

«በእግዜር! ተቀመጥ።»

ገመዱ ተነቅሎ እግራቸው ሥር ወደቀ። ስክሪኑ ጨለመ።

መልሼ ሰክቼ ስከፍተው የማውቀው ገጽ የለም፤ የስሕተት መስመሮች ብቻ።

«ምነው አመድ መሰልክ?»

«ምንም፣ የኔታ።»

«ቅኔዬን ያጎርክበት ዕቃ ይህ አይደለም?»

«ነው። የሚለውን ሳላነብ አዎ ብዬው ነበር፤ ገመዱም ተነቀለ።»

«እና ሞተ በለኛ!»

የተቋረጠ እድሳት የሚያስጨርስ ትእዛዝ እንዳለ ትዝ አለኝ። ሁለት ጊዜ ተሳስቼ በሦስተኛው ጻፍኩት። መስመሮቹ ተንቀሳቀሱ፤ ከዚያ ቆሙ።

«ምን ይላል?»

«አንዱን ፋይል በአዲስ ልተካ ወይስ የቀድሞው ይቆይ ይላል።»

«አሁንስ አንብበኸዋል?»

እንደ ተማሪያቸው ድምፄን ከፍ አድርጌ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት።

«የቀድሞው ይቆይ» አሉ፣ የተጠየቁት እሳቸው ይመስል። እሺ አልኩ።

እድሳቱ አለቀና ኮምፒውተሩ ተነሣ። የመጀመሪያውን ቅኔ ስከፍት ድምፃቸው ክፍሉን ሞላው። ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡና ተነሡ።

«ለዚህ ነው እንዲህ የተርበደበድከው? ቢጠፋስ፣ እስካለሁ ሌላ እላለሁ።»

«እስካለሁ» አሉ። ከጨለመው ስክሪን ይልቅ ይህ አስፈራኝ። በር ድረስ መሸኘት ነበረብኝ፤ አልተነሣሁም። በአንድ እጄ ገመዱን ጨብጬ፣ በሌላው ቅኔዎቹን ወደ ፍላሽ እየገለበጥኩ፣ ከተቀመጥኩበት ደህና ይዋሉ አልኳቸው።