ከኋላ ዴስክ የተቀመጡት መምህር

መምህር ኪሮስ ከዚህ ዓለም በሞት የተለዩት ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ማለዳ ሰቆጣ በሚገኘው ቤታቸው ነው። እኛ የሰማነው በእረፍት ሰዓት ነበር። ርዕሰ መምህራችን ወደ ስታፍ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ፤ ገና ሳይናገሩ ፊታቸውን አይተን አወቅን። ደወሉ ሲደወል ማንም ከመቀመጫው አልተነሳም። ከዚያ አንዷ ባልደረባችን «እሳቸው ቢሆኑ ይገቡ ነበር» ብላ ጠመኔዋን አነሳች፤ እኛም ተከትለናት ወደየክፍላችን ገባን። በዚያ ቀን ምን እንዳስተማርኩ ልጆቹ ይወቁት።

ይህን የምጽፈው ለሚያውቋቸው ሁሉ ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን ጀማሪ ሆነን ወደ ዋግ ኽምራ መጥተን በእጃቸው ላለፍነው መምህራን። ብዙ ነን። መምህር ኪሮስ ደሃና ተወልደው አፋቸውን የፈቱት በኽምጣንጋ ነው፤ አማርኛን የተማሩት ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ ነበር። ጽጽቃና ኒሯቅ ዘመናቸውን ሲያስተምሩ ኖረው በመጨረሻ ሰቆጣ ረጉ። ርዕሰ መምህር ይሁኑ በተባሉ ቁጥር ምክንያት አያጡም ነበር። አማካሪ መምህር ይሁኑ ሲባሉ ግን አንድም ቀን እምቢ አላሉም። አማካሪ መምህር ማለት ጀማሪው ሥራውን እስኪለምድ አጠገቡ እንዲቆም የሚመደብ ነባር መምህር ነው። ለብዙዎቻችን ይህ በሥራ ላይ የተደረበ ሥራ ነው፤ እሳቸው ግን ዋናው ሥራቸው አድርገውት ኖሩ።

እኔ ከዳንግላ ስመጣ መናኸሪያ ድረስ ወጥተው የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። ዘመድ የለኝ፣ አገሩን አላውቅ። ቤት እስክከራይ ድረስ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ለተብርሃን ዘንድ አሳደሩኝ፤ የመጀመሪያው ደመወዜ እስኪወጣም ከቤታቸው የሚላከው የገብስ በሶ አልተቋረጠብኝም። በነጋታው ወደ ክፍል ሲያስገቡኝ ልጆቹን አስነስተው «መምህርታችን መጥተዋል፤ ተቀበሏቸው» አሉ። ገና ከኮሌጅ የወጣሁ ልጅ ነበርኩ፤ ከአባቴ የሚበልጡ ሰው በተማሪ ፊት አንቱ ሲሉኝ የምገባበት ጠፋኝ። ከክፍል እንደወጣን ግን «አንቺ ልጅ፣ ድምፅሽን ቀንሺ፤ ሳትጮሂም ይሰሙሻል» አሉኝ። ይህ ልማዳቸው እስከ መጨረሻው አልተለወጠም። ክብሩን በተማሪ ፊት ይሰጡናል፤ ተግሣጹን በር ከተዘጋ በኋላ ነበር የምንቀበለው።

አምስተኛ ክፍል ሳይንስ ደረሰኝ። ልጆቹ ቤታቸው የሚነጋገሩት በኽምጣንጋ ነው፤ እኔ ደግሞ የጎጃም አማርኛዬን ሳልተነፍስ አወርደዋለሁ። በመጨረሻ «ገባችሁ?» እላለሁ። «አዎ» ይላሉ በአንድ ድምፅ። ደስ ብሎኝ እወጣለሁ። የመጀመሪያውን ፈተና ሳርም ግን ከጥቂት ልጆች በቀር ያለፈ አልነበረም። መጀመሪያ የቀለዱብኝ መስሎኝ ተናደድኩ፤ ንዴቱ ሲበርድልኝ ለመምህርነት አልተፈጠርኩም ብዬ ቆረጥኩ። ለመምህር ኪሮስም በማግስቱ አውቶቡስ ወደ አገሬ እንደምመለስ፣ ከእንግዲህም ክፍል ውስጥ እንደማልቆም ነገርኳቸው። አልለመኑኝም። ከመሄዴ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ።

ልጆቹ ከተበተኑ በኋላ ወደ ራሴ ክፍል ወስደው ከፊተኛው ዴስክ አስቀመጡኝ። ጉልበቴ ከጠረጴዛው በታች አልገባ ብሎ ተጨናነቅሁ። እሳቸው ካፖርታቸውን አስተካክለው ከሰሌዳው ፊት ቆሙና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በኽምጣንጋ አስተማሩኝ። ሥዕል የለ፣ ቁጥር የለ። እየተመላለሱ፣ እጃቸውን እያነሱ፣ አንዳንዴም በራሳቸው ቀልድ ፈገግ እያሉ ላባቸው እስኪወጣ አስተማሩ። እኔም ነገሩ ግራ ቢገባኝ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ አንገቴን እነቀንቅ ነበር። ሲጨርሱ ወደ አማርኛ ተመልሰው «ገባሽ?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ።

«ምን ገባሽ?»

ሰሌዳውን አየሁ፤ ምንም አልተጻፈበትም።

«ታዲያ ለምን አዎ አልሽ?»

ያን ያህል ደክመው አልገባኝም ብል ያዝናሉ ብዬ እንደሆነ ተናገርኩ። ጠመኔያቸውን አስቀምጠው አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

«እነሱም እንዲያ ነው ያሰቡልሽ። ከሩቅ የመጣሽ እንግዳ ነሽ፤ እዚህ አገር እንግዳ አያሳፍሩም። ልጆቹ አልዋሹሽም፣ አከበሩሽ እንጂ። እንግድነትሽን እስኪረሱት ድረስ ገባችሁ ብለሽ አትጠይቂ።»

እዚያው ዴስኩ ላይ አለቀስኩ፤ የእፎይታ ልቅሶ ነበር። ልጆቼ አልናቁኝም፤ እኔም የማልረባ አልነበርኩም። ያን ቀን ምን እንዳስተማሩኝ በየጊዜው ብጠይቃቸው «ኽምጣንጋ ተማሪና ድረሺበት» ብለው ይስቁብኝ ነበር።

አውቶቡሱ ያለ እኔ ሄደ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት መምህር ኪሮስ ከክፍሌ በስተኋላ፣ ከልጆቹ ጋር ተጣበው ይቀመጡ ነበር። ጀማሪን ለማየት የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ስህተት ይለቅማል፤ እሳቸው ባዶ እጃቸውን ነበሩ። አንዱን ነገር ካስተማርኩ በኋላ ልጆቹ በገዛ ቋንቋቸው ለጓደኛቸው እንዲነግሩት አስደረጉኝ። ቃሉን ባላውቅም ፊታቸውን አያለሁ፤ የገባው ልጅ ሲያስረዳ እጁ አርፎ አይቀመጥም። ስንወጣም ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነበር፤ «ዛሬ ዝም ያለው ማን ነው?» የልጁን ስም ካልጠራሁ ምሳ አይበሉም ነበር ብል ብዙ አላጋነንኩም።

እንከን አልነበረባቸውም ብዬ አላስቅባቸውም። ስብሰባ ላይ ያንቀላፋሉ። ሪፖርት መጻፍ እንደ መርፌ ይፈሩ ነበር። ሲያመሰግኗቸው ጨዋታ ይለውጣሉ። በውስጣቸው የሚከነክናቸው ነገርም ነበር። ኒሯቅ ሳሉ አንድ ጀማሪ መምህር ሥራውን ጥሎ ማንንም ሳይሰናበት ሄዶባቸዋል። ከመሄዱ በፊት ባለው ሰሞን ቤቱ ሄደው ሊጠይቁት አስበው ዛሬ ነገ ሲሉ ቀርተው ነበር። ያን ልጅ ሲያነሱ ድምፃቸው ይቀንሳል። «ያን ቀን ሄጄ ቢሆን» ይሉና አይጨርሱትም።

እንግዲህ ዘንድሮ በጠና ታመው እንኳ ለምን እንዳልተኙ የሚገባኝ ከዚህ ተነስቼ ነው። ጡረታ ወጥተው ነበር፤ ነገር ግን በዓመቱ መጀመሪያ ከደብረ ብርሃን የመጣውን ዮናስ የሚባል ጀማሪ መምህር ማንም ሳያዛቸው ያዙት። ከክፍል መቀመጥ ሲያቅታቸው ልጁ ማታ ማታ ከአልጋቸው አጠገብ እየተቀመጠ ውሎውን እንዲነግራቸው አደረጉ። ዮናስ ሥራው ከብዶታል። ዝምተኛ ነው፤ ክፍሉ ይረበሽበታል፤ ልቡ ከአገሩ ነው። አንድ ቀን ልጠይቃቸው ሄጄ፣ ትንፋሽ እያጠራቸው ሲያዳምጡት ስላየሁ ልጁ ከወጣ በኋላ ተቆጣሁ። እባክዎ ይረፉ አልኳቸው።

«እሱ ሳይለምድ ዕረፍ አትበይኝ» አሉኝ። ወይዘሮ ለተብርሃን ከበስተኋላዬ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ዐርብ ዕለት ቀበርናቸው። ከጽጽቃ ሌሊቱን የተነሱ ነበሩ፤ ከደሃና በእግራቸው የመጡ ነበሩ፤ እሳቸው ባለማመዷቸው መምህራን እጅ የተማሩ መምህራንም ነበሩ። ፍትሐቱ አልቆ ሰው ወደ ድንኳኑ ሲመለስ ዮናስ ብቻውን ቆሞ ቀረ። ጠጋ አልኩት። ቀና ብሎ ሳያየኝ «እኔ የቆየሁት ለእሳቸው ብዬ ነው። አሁን ለማን ብዬ ልቆይ?» አለኝ።

መምህር፣ ከልጁ ጋር ቆሜ እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሉት ነበር እያልኩ አሰብኩ። ለትምህርቱ ብለህ፣ ለልጆቹ ብለህ፣ ለአገር ብለህ ልለው አልኩና አፈርኩ። በእንዲህ ያለ ቀን እንዲህ ያለ ንግግር ማን ይሰማል? ስለዚህ ሰኞ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ክፍልህ እመጣለሁ ብዬው ብቻ ተለየሁት። ይምጣ አይምጣ አላወቅሁም ነበር። ቅዳሜና እሑድ እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም።

ሰኞ ሄድኩ። በሩን ስከፍት ልጆቹ ተነሱ። ዮናስ ከሰሌዳው ፊት ቆሞ ነበር፤ ዓይኑ ቀልቷል፤ ግን ያስተምር ነበር። ከኋላ ሁለት ልጆች ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ዮናስ ማክሰኞም መጣ፣ ዛሬም መጣ። ነገ ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ እርስዎም ስለ እኔ አያውቁም ነበር። እኔ አጠገቡ አለሁ።

መምህር፣ አሁን ይረፉ።