የጢቾው አውራ ዶሮ በብርቱካን

የዳባ አፍ ወደ ግራ የተጣመመው ባለፈው ክረምት ነው። በማግስቱ ቀና፤ ሐኪሙ ግን ዳባን ትቶ ሚስቱን ተስፋነሽን አያት።

«የደም ግፊቱ ዛሬ አስጠንቅቋቸው ሄዷል። ሁለተኛ ከመጣ ላያስጠነቅቅ ይችላል። ጨው ይቅር፣ ቅቤ ይቅር።»

ዳባ መነጽሩን እየወለወለ፣ «ታዲያ ምን ቀረ?» አለ።

«እርስዎ ቀሩ» አለው ሐኪሙ።

ዳባ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የአሰላን ልጆች ሳይንስ ያስተማረ ሰው ነው። በሸራ ላይ የተሣለውን ሥዕል ሰቅሎ፣ ገንቢ፣ ኃይል ሰጪ፣ በሽታ ተከላካይ እያለ በአርጩሜው ሲያመለክት፣ የኋላ ወንበር ተቀማጭ እንኳ ካሮት ያምረው ነበር። ራሱ ግን ካሮት በሥዕል እንጂ በአፉ አያውቅም። ተስፋነሽ ጨው የሌለው ወጥ ባቀረበች ቁጥር «ጠግቤያለሁ» ይልና ወጣ ብሎ ይመለሳል። ሲመለስ ሹራቡ ጥብስ ጥብስ ይሸታል። እሷም ሹራቡን እያጠበች ያቺን ሁለተኛዋን ቀን ትጠብቃለች።

በዚህ መሐል ታላቅ ወንድሙ ኦቦ አብዲሳ በሽተኛ ሊጠይቁ ከጢቾ መጡ። ከሚኒባሱ የወረዱት አንድ ሽማግሌ አውራ ዶሮ በብብታቸው ይዘው ነው።

«በቅቤ አድርገሽ ሥሪለት፤ ደም ይሆነዋል» አሏት።

ደሙስ በዝቶበት ነው የታመመው። ይህን ግን ለባል ታላቅ ወንድም አይመልሱም። የመጣ ዶሮም አይመለስም። ተስፋነሽ ዶሮውን እያየች ስታስብ፣ ሳጉሬ አጠገብ መንገድ ይሠሩ የነበሩ ቻይኖች ትዝ አሏት። በካምፓቸው ወጥ ቤት ሠርታለች። አለቃዋ ሚስተር ሊ ከአማርኛ «ጥሩ» እና «ቶሎ» የሚሉትን ብቻ ያውቅ ነበር፤ ለወጥ ቤት ከዚያ በላይ አያስፈልግም። እሱ ዶሮን በብርቱካን ሲሠራ ቅቤ የሚባል ነገር አይነካም።

ገበያ ወርዳ ከሀሊሜ መደብ ላይ ከአቦምሳ በኩል የመጣ ብርቱካን መረጠች፤ የተጨማደደውን፣ ርካሹን።

«ለበሽተኛ ነው፣ ተስፌ?» አለች ሀሊሜ።

«ለዶሮ ነው።»

«ዶሮው ታሟል?»

«ሞቷል።»

«ነፍስ ይማር» ብላ ሀሊሜ አንድ ብርቱካን መረቀችላት።

ዶሮውን እንደ ሚስተር ሊ ከነአጥንቱ በትንንሹ ከተከተችው። ፈረሰኛው ጋ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ። ፈረሰኛ የአባወራ ብልት ነው። ዶሮን በየብልቱ አሳምራ ማውጣት የማትችል ሴት ምን እንደምትባል እናቷ ከልጅነቷ ጀምራ ነግራታለች። ዶሮ ስለምትከትፍ ሴት ግን እናቷም የምትለው አልነበራትም። «ኋላ እከትፈዋለሁ» አለችና ለብቻው በትንሿ ብረት ድስት ጣደችው። የቀረውን በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት ሽማግሌነቱን እስኪተው ቀቀለችው። ከዚያ በማንኪያ ዘይት ካሮትና ቃሪያ አቁላላች፣ ሥጋውን ጨመረች፣ የብርቱካኑን ጭማቂና ስስ አድርጋ የከተፈችውን ልጣጭ አከለች፣ በጥቂት ዱቄት አወፈረችው። የቻይኖቹን ጥቁር ሶስ ተወችው፤ እሱ ጨው ነው።

የተቀቀለ ሩዝ ላይ ገልብጣ በትሪ አቀረበች። ኦቦ አብዲሳ ጸለዩ፤ አንድ ዓይናቸው ግን ትሪው ላይ ነበር።

«አሜን። ኩን ማሊ?» አሉ፤ ምንድን ነው ይኼ ማለታቸው ነው።

«የቻይኖች አሠራር ነው፣ ጋሼ።»

«ዶሮዬን ምን አገኘው? መኪና ነው የገጨው?» ትሪውን አዙረው አዩት። «ፈረሰኛውስ?»

ተስፋነሽ ደነገጠች። ረስታው ነበር። አሁን ብታመጣው ዳባ እሱን ብቻ ይጎርስና «ጠግቤያለሁ» ብሎ ይወጣል። ሹራቡንም ለብሷል።

«እዚያው ውስጥ ነው» አለች። «ሲበሉ ይገኛል።»

ኦቦ አብዲሳ ፍለጋ ገቡ። አንዱን ጎረሱ፤ አልነበረም። ሌላ ጎረሱ።

«ጋሼ፣ እሱ የአባወራ ነው እኮ» አለ ዳባ፣ ወንበሩን እያስጠጋ።

«ለአንተው ነው የምፈልግልህ።»

«እየዋጥክ?»

ዳባም ጀመረ። ታላቁ በበሩ በኩል፣ ታናሹ በግድግዳው በኩል እየቆፈሩ ተጓዙ። በመንገዱ ካሮት ነበረ፤ ዳባ ካሮቱን በላው። «ጨው ይጎድለዋል» አለ፤ በላ። «ኮምጠጥ ይላል» አለ፤ ልጣጩንም በላ። መሐል ላይ ሲገናኙ ትሪው ባዶ ነበር።

ተስፋነሽ ትሪውን አንሥታ ወጥ ቤት ገባች። የትንሿን ድስት ክዳን ከፈተች። ፈረሰኛው ሙሉውን፣ እንደ ሹም ተቀምጧል። የተረፈች ግማሽ ብርቱካን ጨመቀችበትና ቆማ መብላት ጀመረች። በትዳር ዘመኗ ቀምሳው አታውቅም።

«እኔ አላገኘሁትም» አሉ ኦቦ አብዲሳ ከሳሎን።

«እኔ ሳልበላው አልቀረሁም» አለ ዳባ። «አንዱ ቁራጭ ልዩ ነበር። ተስፌ! እሁድም እንዲሁ አድርገሽ ሥሪው።»

ሹራቡን ሲያወልቅ ተሰማት። አፏ ሙሉ ስለነበር ወዲያው አልመለሰችለትም።