ገበጣና የዴሟ ክፍል

ገበጣ የሚባል ነገር ሁለተኛ ዓይኔ እንዳያይ! ካርቱም፣ ዴም ሰፈር፣ መርወሃ የሚሉት የጣሪያ ማራገቢያ የሚያናፍሳት አንዲት ክፍል ተገኘችና እኔና ሰዓዳ የምትባል የከሚሴ ልጅ ለመከራየት እኩል ደረስን። አከራይዋ ሐጃ፣ «ያላ፣ ተስማሙና አንዳችሁ ግቡ» ብለው ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ትተውልን ገቡ። ግቢው ውስጥ ገበጣ ከብዮቹ ጋር ተቀምጧል። ያሸነፈች ትግባ ተባባልን።

በየቤቱ አራት አራት ብይ ጨመርን። ገና የአንዱን ቤት አፍሼ ወደ ቀኝ ማደል ስጀምር ሰዓዳ እጄን ያዘችኝ።

«በየት አገር ነው በቀኝ የሚዞረው?»

«ደሴ ነዋ!»

«እኛ ጋ በግራ ነው። ደግሞ የመጨረሻዋ ብይ ባዶ ቤት ካረፈች ተራሽ አለቀ።»

«ወላሂ አያልቅም! የፊት ለፊቱን ትበያለሽ እንጂ!»

የዙህር አዛን አልፎ የዐስር ተከተለ፤ እኛ ግን አንድ ዙር እንኳ አልተጫወትንም። በመጨረሻ፣ ወሎዬ ከሆነች ታዳላለች ብለን፣ ሻንጣ ይዛ በበሩ የምታልፍ አንዲት ጎንደሬ ለምነን ዳኛ አደረግናት። የሁለታችንንም አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችና፣ «እስቲ ሐጃን ላማክር» ብላ ተነሳች። እኛ ጭቅጭቃችንን ቀጠልን።

ቀና ስንል ቁልፉ የለም። ዳኛችን ክፍሏ ውስጥ መርወሃውን ከፍታ ሻንጣዋን እየፈታች ነው።

«ቀጥሉ» አለችን፣ «ከዚህ ሆኜ እሰማችኋለሁ።»