ብርድ በቧንቧ

ሥራ የጀመርኩት በሚሊኒየሙ ዓመት፣ በሐምሌ ወር፣ ካርቲዬ 2 በሚባለው ሰፈር ውስጥ በነበረ የክሊም መጠገኛ ነው። ጅቡቲ ውስጥ አየር ማቀዝቀዣን ሁሉም ሰው ክሊም ይለዋል። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የመጀመሪያ ቀን የተሰጠኝ ሥራ አሥራ ሁለት ማጣሪያ ማጠብ ነበር። አጥቤ ፀሐይ ላይ ደረደርኳቸው። የጥገናው ሼፍ፣ ማለትም አለቃችን፣ ጋሽ ተፈራ አንድ በአንድ እያነሱ ወደ ብርሃን አዩዋቸው።

«አሥራ አንዱን አጥበሃል» አሉኝ። «ይቺን ግን አርሰሃታል።»

መልሼ አጠብኳት።

በቤቱ ሦስት ማዕረግ ነበር፤ ረዳት፣ ቴክኒሻንና ሼፍ። ጋሽ ተፈራ የድሬዳዋ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ጅቡቲ መጥተው በረዶ ፋብሪካ ሠርተዋል። ያስተማሩኝ ነገር ብዙ አይደለም፤ ግን አንዱም አይዘለልም። የጋዙን ግፊት ከሥራ በፊትና ከሥራ በኋላ ጻፍ። የመዳብ ቱቦ ስትፈታ በሁለት ቁልፍ እንጂ በአንድ አትታገል። ያልነካኸውንም መገጣጠሚያ በሳሙና አረፋ ፈትሽ። ፈረንሳይኛ ማንበብ የተማርኩት ከማሽኖቹ መመሪያ ነው። የማላውቀውን ቃል በአማርኛ ፊደል ጽፌ ጠዋት ጠዋት እጠይቃቸው ነበር።

የመሣሪያ ቁም ሳጥኑ በር ከውስጥ በኩል አንድ ሥዕል ተለጥፎበት ነበር። ጅቡቲ ነፃ በወጣችበት ሰሞን ጋሽ ተፈራና የፋብሪካ ባልደረባቸው ዋርሳማ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ገልብጠው የሣሉት የወደፊቷ ጅቡቲ ነው። ራስ ዲካ አጠገብ፣ ባሕሩ ዳር፣ ትልቅ የብርድ ቤት አለ። ከብርድ ቤቱ የወጡ ቧንቧዎች በየካርቲዬው ይገባሉ። እያንዳንዱ ቤት፣ የቆርቆሮውም ጭምር፣ አንድ የብርድ ቧንቧ አለው። ስትከፍተው ቅዝቃዜ፣ ስትዘጋው ዝም። በባሕሩ በኩል ደግሞ አንድ ወፍራም ቱቦ ይወጣል። ጫፉ ላይ ቀስት አለ፤ «ሙቀት ወደ ባሕር» የሚል ተጽፎበታል።

«የፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሲገባ ከተማው እንዲህ ይሆናል ብለን ነበር» አሉኝ።

«ቧንቧው ቢያፈስስስ?»

«ዋርሳማም ይህንኑ ነበር የሚጠይቀኝ። የፈሰሰውን ብርድ በምን እንወለውላለን እያለ ሆዴን እስኪያመኝ ያስቀኝ ነበር።»

ረዳቶቹ ሁሉ በሥዕሉ እንቀልድ ነበር። እኔም ቀልጃለሁ።

ዓመታት አለፉ። ጋሽ ተፈራ ደረታቸውን እያመማቸው ሥራ ተዉ። እኔ ቴክኒሻን፣ ኋላም ሼፍ ሆንኩ። መብራት ከኢትዮጵያ በሽቦ መጣ። ወደቡ ሰፋ፣ መጋዘን በመጋዘን ላይ ተሠራ፣ ቢሮው ሁሉ ክሊም አስገባ። አሠሪያችን ሙሴ ሮብሌ ደንበኛ በመጣ ቁጥር «ይህን ቀን ያኔ ማን ያልመው ነበር?» ይሉ ነበር። ሙሴ የምንላቸው እንደ ፈረንሳይኛው «አቶ» ለማለት ነው። ይህን አባባላቸውን አልወደውም ነበር። ያለሙትን ሰዎች አውቃቸዋለሁ።

አንድ የግንቦት ቀን ቡላኦስ ሰፈር ውስጥ ለአንድ የትራንዚት ቢሮ ስምንት ክሊም እንድንገጥም ታዘዝን። ባለቤቱ አቶ ግርማ ይባላሉ፤ ከአዲስ አበባ ጭነት ሲያመላልሱ ኖረው የራሳቸው መኪናዎች ባለቤት የሆኑ ሹፌር ነበሩ። የቢሮው ፊት መስታወትና አዲስ ሰሌዳ ስለሆነ የውጪዎቹ ሞተሮች እዚያ እንዲታዩ አልፈለጉም። ጣሪያው ላይ ለማውጣት ረጅም የመዳብ ቱቦ ያስፈልጋል፤ ወጪው ይበዛል። ስለዚህ ፕላኑ «የጀርባ ግድግዳ» አለ።

የጀርባው ግድግዳ ከቆርቆሮ ቤቶች ጋር የሚፋጠጥ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ነው። ለካሁት፤ ሁለት ሜትር ከአሥር። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነበር። የገመድ አልጋዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ላነሳቸው ስል አንዲት ሴት ብቅ ብላ «ከሰባት ሰዓት በፊት መልስልኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ከረዳቶቼ ጋር ስምንቱን ማቀፊያዎች ከመሬት በአንድ ሜትር ከስልሳ ሰቀልኩ። የውሃ ልኩ አረፋ በስምንቱም ላይ መሐል ቆመ። ቱቦውን ገጠምኩ፣ አየሩን መጠጥኩ፣ ግፊቱን ጻፍኩ፣ አልጋዎቹን በየቦታቸው መልሼ በአምስት ተኩል ወጣሁ።

አልጋዎቹ ለምን እዚያ እንደቆሙ እነግራችኋለሁ፤ ለከተማው ሰው ግን መንገር አያስፈልግም። ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት ሱቅ ይዘጋል። የቆርቆሮ ቤት ያለው ሰው አልጋውን ወደ መተላለፊያው ጥላ ያወጣል። የባሕሩ ነፋስ በየትኛው በኩል እንደሚገባ፣ የማን አልጋ የት እንደሚዘረጋ የታወቀ ነው። የሌላውን ቦታ ማንም አይወስድም። እኔም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት እንዲህ ባለ ጥላ ውስጥ ተኝቻለሁ። ያን ጠዋት ግን አልጋዎቹን እንደ ማንኛውም የሚያስቸግር ዕቃ አንስቼ መለስኩ።

በዘጠነኛው ቀን አቶ ግርማ ደወሉ። አንዱ ክሊም አያቀዘቅዝም አሉ። የደረስኩት በሰባት ሰዓት ነው። መተላለፊያው ውስጥ ስገባ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ከአልጋዎቹ የተዘረጉት ሁለት ብቻ ናቸው። ሦስተኛው ሞተር ፊቱ ላይ ሙቀቱን እንዲያግድ ካርቶን በሽቦ ታስሮበታል። ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው የተቀመጡት ጋሽ ተፈራ ናቸው።

«ሼፍ ሆነ ብለውኝ ነበር» አሉ።

«ጋሽ ተፈራ፣ እዚህ ነው እንዴ የሚኖሩት?»

«ከካርቶኑ በታች።»

ሥራ ከተዉ በኋላ የበፊቱን ቤት ለቀው እዚህ ክፍል መከራየታቸውን አላውቅም ነበር። አምስት ወር አልጠየቅኳቸውም። አከራያቸው ያቺ አልጋዎቹን ያስመለሰችኝ ሴት ናት፤ ዘይነብ ትባላለች።

«ትናንት ራሱን ስቶ ወድቋል» አለችኝ። «ውሃ አፍስሼበት ነው የነቃው። ቤት ላስገባው ብል ቆርቆሮው ይጠብሰዋል። እናንተ ሰዎች እናት የላችሁም?»

ጋሽ ተፈራ ሙቀቱን ለካ አሉኝ። መተላለፊያው መግቢያ ላይ፣ በጥላው፣ አርባ ሁለት ነበር። ካርቶን በሌለው ሞተር ፊት ሃምሳ ሦስት።

«ጻፈው» አሉኝ። ጻፍኩ። ከዚያ ቀና ብለው ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። «ውሃ ልክህ ጥሩ ነው። አንዱም አልተዛነፈም።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ቢሮው ወጣሁ። አቶ ግርማ ጃኬት ለብሰዋል።

«ወንድሜ፣ ጨረስክ?»

«አልጨረስኩም። ያላቀዘቀዘው ሞተሩ ላይ ካርቶን ታስሮበት ነው። ሞተሮቹ ጣሪያ ላይ መውጣት አለባቸው። ከሥራቸው ሰው ይተኛል።»

«መንገድ ላይ?»

«በጥላው።»

«እኔ ነኝ እንዴ መንገድ ላይ ያስተኛኋቸው? እኔም መኪና ሥር ስተኛ ኖሬያለሁ። ሠርቼ ወጣሁ።»

«የተኙበት መኪና ሞተሩ ጠፍቶ ነበር» አልኳቸው።

ዝም አሉ። አቶ ግርማ ወደ ሙሴ ሮብሌ ደውለው ነገሩን አስረድተው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ ድምፁ ለሁለታችንም ይሰማል።

«ዮናስ፣ ወላሂ አንተ ጥሩ ሠራተኛ ነህ» አሉ ሙሴ ሮብሌ። «ካርቶኑን አውርድና ና።»

«ሙቀቱ የት ይሂድ?»

«ውጪ ወጥቷል አይደል እንዴ?»

«ውጪ ሰው አለ።»

«ካርቶኑን አውርድ፤ አለዚያ የድርጅቱን መኪና ቁልፍ አምጣ።»

ይህን ስጽፍም ያናድደኛል። ክሊም ብርድ አይፈጥርም። ከውስጥ ያለውን ሙቀት ወደ ውጪ ያወጣል፤ የራሱንም ይጨምርበታል። ይህን የማያውቅ ቴክኒሻን የለም። ሁለት የበረዶ ፋብሪካ ሠራተኞች ከሥራ በኋላ ተቀምጠው በእርሳስ ሲያልሙ ሙቀቱ የት እንደሚሄድ አስበው ቀስት ሣሉለት። እኛ በሥዕላቸው ሳቅን። ማኅተም ያረፈበት የእኛ ፕላን ስምንት ሣጥን አለው፤ ከግድግዳው ወዲያ ግን ባዶ ወረቀት ነው። የዘይነብ ደጅ፣ የጋሽ ተፈራ አልጋ የነበረው እዚያ ባዶው ላይ ነው። የድሮ ሰዎች ስለዛሬ ያሰቡትን እያነሱ «የዋሆች ነበሩ» የሚሉ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ ይህንን ፕላን ባሳያቸው ደስ ይለኛል።

ወረድኩና ካርቶኑን አወረድኩ። ቁልፉን ማስረከብ ነበረብኝ፤ አላስረከብኩም። ሥራው ላይ ከቆየሁ ሞተሮቹን አስነሳቸዋለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። መሰላሉን ሳቆም ጋሽ ተፈራ ከአልጋው ተነሥተው ያዙልኝ።

«ይዤዋለሁ፣ ውጣ።»

ሽቦውን እየፈታሁ «በሳምንት ውስጥ ጣሪያ ላይ አወጣቸዋለሁ» አልኳቸው።

«ስንት ሜትር መዳብ ይፈልጋል?»

«ለእያንዳንዱ አምስት።»

«ስድስት በል። መታጠፊያ አለው።»

ለእያንዳንዱ ስድስት ሜትር ብዬ በጽሑፍ ጠየቅኩ። ሙሴ ሮብሌ «የሙቀቱ ወራት ይለፉና» አሉኝ። ደግሜ ጠየቅኩ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ዘይነብ ደወለች። ጋሽ ተፈራ መተንፈስ አቅቷቸው እህታቸው ዘንድ ድሬዳዋ በጭነት መኪና እንዲሄዱ ሹፌር ለምናላቸው ነበር። ወሩ ሳያልቅ እዚያው ዐረፉ። እህታቸው ናት በስልክ የነገረችኝ።

ልባቸው ቀድሞም የታመመ ነበር። ክሊሙ ገደላቸው አልልም፤ አላውቅም። የማውቀው አንድ የሚተኙበት ጥላ እንደነበራቸውና እሱን የወሰድኩባቸው እኔ መሆኔን ነው። በማግሥቱ የመኪናውን ቁልፍ ሙሴ ሮብሌ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ።  ስምንቱ ሞተሮች አሁንም እዚያው ናቸው። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ደህና ይሠሩ ነበር።

አሁን ለራሴ እሠራለሁ። ሥራውን ለምትጀምሩ የምለው ይህን ነው። የውጪ ሞተር የሚሰቀልበትን ግድግዳ በጠዋት አትለኩ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ሂዱ። ሰው ተኝቶ ካገኛችሁ እዚያ አትስቀሉ።